አድራሻዋን ለጠየቀ ሁሉ

«ስፌትሽ አልተለወጠም።»

መልእክቱ ከዚህ ሌላ ቃል አልነበረበትም። ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው። ቺጉሳ የጀመረችውን ቦርሳ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ ቀረች። መርፌው ጣቷን ሲወጋት እንኳን አልተሰማትም። የላኪው ስም «ኢናባ» ይላል። ኢናባ ባለፈው ሳምንት «ለልጅ ልጄ ስጦታ ቦርሳ ፈልጌ ነበር» ብለው የጻፉ ትሑት ባልቴት ነበሩ። አሁን ግን ባልቴቲቱም የልጅ ልጂቱም በዚህ ዓለም እንደሌሉ ገባት። ስፌቷን አይቶ የሚለይ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም በትዳራቸው ዘመን የሰፋችውን ሁሉ በምላጭ ጫፍ እየፈታ «ድገሚው» ይላት የነበረው የቀድሞ ባሏ፣ ሬይጂ ነው።

ወደ ላይ መለስ ብላ አነበበች። እሷ ያልላከችው መልስ ከሱቋ ተልኮ አገኘች።

«የተከበሩ ወይዘሮ ኢናባ፣ ብርዱ እየበረታ በመጣበት በዚህ ወቅት በደኅና እንደከረሙ ተስፋ እናደርጋለን። የሻጭዋን ስምና አድራሻ እንድንገልጽልዎ በጠየቁት መሠረት፣ ሕጉ እንደሚያዘው ሳንዘገይ እነሆ...» ይልና ሙሉ ስሟ፣ የቤቷ ቁጥርና ስልኳ ተደርድሯል። ከግርጌው ደግሞ የሶሄይ ኩራታ ስም ከነቢሮው አድራሻ ሰፍሯል።

ሶሄይ! የምትወደው ሰው!

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከኮምፒውተር የወጣውንማ ማን ሮጦ ይደርስበታል። ቺጉሳ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ቤቷ ኦኖሚቺ ውስጥ፣ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ አቀበቱ ላይ ከተደረደሩት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። መኪና አይደርስበትም፤ ፖስተኛውም የሚደርሰው እያለከለከ ነው። ቤቱን የመረጠችውም ለዚሁ ነበር። ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ሲሞላ ጀልባቸው ላይ የሚሰቅሉትን ደማቅ ባንዲራ፣ ሲያረጅባቸው እየገዛች ቦርሳ ትሰፋበታለች፤ ቦርሳውንም በኢንተርኔት ትሸጣለች። ፊቷን የሚያውቅ ደንበኛ የላትም። የከተማው አስተዳደርም ታሪኳን ሰምቶ የነዋሪነት መዝገቧን ዘግቶላታል፤ ማንም ሄዶ «ይህቺ ሴት የት ትኖራለች?» ቢል አይነገረውም። አንዱ ሕግ እንዲህ ደብቋት ሳለ ሌላው ይገልጠኛል ብላ አላሰበችም።

ሌላውን ሕግ ይዞባት የመጣው ሶሄይ ነው። ሶሄይ ለነጋዴውና ለዓሣ አጥማጁ የመንግሥት ወረቀት የሚያዘጋጅ፣ ፈቃድ ያለው የሕግ ጸሐፊ ነው። ባለፈው የጸደይ ወራት ለእናቱ ስጦታ ሲፈልግ ሱቋን ኢንተርኔት ላይ አገኘው። ከቦርሳው ይልቅ ያሳሰበው የሻጩ ስም መጻፊያ ባዶ መሆኑ ነበር። ዕቃው ከኦኖሚቺ እንደሚላክ አየ፤ አሮጌ ባንዲራ የሚገዛው ማን እንደሆነ ወደቡን ጠየቀና መነጽሩ በላቡ እንፋሎት እንደተሸፈነ በሯ ላይ ደረሰ።

በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ፣ እንዳትቀጣበት ፈርቶ እንደመጣ እየተንተባተበ ነገራት። «ይህን ሁሉ ደረጃ የወጡት ሊከሱኝ ነው ወይስ ሊያድኑኝ?» ስትለው፣ «መጀመሪያ ውሃ ይስጡኝ» አላት። ከዚያ ወዲያ አቀበቱን የሚወጣበት ምክንያት አጥቶ አያውቅም። አንዴ የዕቃ መመለሻ ደንብ ይጻፍ ይላል፣ አንዴ ግብር፣ አንዴ የደንበኞችን ምስጢር ስለ መጠበቅ። ኦኖሚቺ እንዲህ በአንቀጽ የታጠረ መጠናናት አይታ አታውቅም።

አድራሻዋን መጻፍ እንደማትወድ ስትነግረው፣ ሕጉ ራሱ የተወውን ጠባብ በር ያገኘላትም እሱ ነው። ስሙና አድራሻው ገጹ ላይ ባይወጣም ይቻላል፤ ሻጩ ግን ለጠየቀ ሁሉ ሳይዘገይ ሊናገር ቃል ይገባል። ቺጉሳ ማን ይጠይቃል ብላ ተስማማች። ለምን እንደምትደበቅ ግን አልነገረችውም። መጀመሪያ የሸሸች ጊዜ ገመናዋን የነገረችው ለገዛ እናቷ ነበር። እናቷም ሻይ ካፈላችላት በኋላ ጓዳ ገብታ ለሬይጂ ደወለችለት፤ «ትዳር ነው፤ ይብረድላቸዋል» ብላ። ከዚያ ወዲያ አፏን ዘጋች። ደግሞም ሶሄይ ሲያያት ማንም ያላዋረዳት ሴት አድርጎ ነበር የሚያያት፤ ያን አስተያየት ማጣት አልፈለገችም።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ሲጥላት የሩዝ ገንፎ እየሠራ፣ ትራሷን እያገላበጠ ያስታመማት እሱ ነበር። እሷ ስትተኛ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ለደንበኞቿ መልስ ሲጽፍ በትኩሳት መሐል ታየው ነበር። ያኔ ምን ያህል ደስ ብሏት እንደነበር ስታስታውስ፣ ያ ደስታ አሁን አንጀቷን አቃጠላት።

* * *

ልብሷን በአንድ ቦርሳ አጭቃ፣ የስፌት ማሽኗን እንደቆመ ትታ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ የሶሄይ እናት ቃል ጆሮዋ ላይ ያቃጭል ነበር።

ወይዘሮ ኩራታ ከትውልድ ትውልድ የአኩሪ አተር ሶስ ሲጠምቅ የኖረ ቤት እመቤት ናቸው። ቺጉሳ ከመታመሟ በፊት አንድ ቀን ምርኩዛቸውን እየተደገፉ አቀበቱን ወጥተው መጥተውባት ነበር። ቀረብ ብለው አልተቀመጡም፤ ያቀረበችላቸውንም ሻይ አልነኩትም። «ልጄ ጨዋ ነው። ጨዋ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የወደቀውን ሁሉ ያነሣል» አሉ። «ከየት ነሽ? ዘመድሽ ማነው? የሚፈልግሽ ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድሽ።» ይህን ብለው ሄዱ። እና አሁን፣ የሚፈልጋት ሰው አድራሻዋን አገኘ። እናትና ልጅ ተማክረው ነው ብላ ደመደመች። የተከፋ ልብ ሁለት ነገር ካየ ለማያያዝ ክር አይቸግረውም።

የሶሄይ ቢሮ የቤተሰቡ አሮጌ መጋዘን ፊት ለፊት ያለው ክፍል ነው፤ በጓሮ በኩል ከእናቱ ቤት ጋር በጠባብ ኮሪደር ይገናኛል። ቺጉሳ በንዴት የተቃጠለች ብትሆንም ደጃፉ ላይ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ አገር ሊጣሉም ቢመጡ ጫማ ተወልቆ ነው።

«ለስንት ሰው ነገሩብኝ?» አለችው ሳትቀመጥ።

ሶሄይ ፈገግ ሊል ጀምሮ ፊቱ ተለወጠ። ከበጋው ወዲህ አንተና አንቺ ነበሩ፤ አንቱታው ከጥፊ ይልቅ አመመው።

«ምኑን?»

«አድራሻዬን። ወይዘሮ እናትዎ ናቸው ያዘዙዎት፣ ወይስ ከራስዎ የመነጨ ነው?»

«ወይዘሮ ኢናባን ነው የምትይው? ትኩሳትሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ልቀሰቅስሽ አሳዘንሽኝ። ሕጉ ደግሞ ሳይዘገይ ነው የሚለው። ያንቺ ሱቅ በኔ ስንፍና እንዳይወቀስ ብዬ በዚያው ቀን...»

«ኢናባ የሚባል ሰው የለም። ባሌ ነው።»

ሶሄይ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ባል አለሽ?» አላት።

«ነበረኝ። እኔ ፈትቼዋለሁ፤ እሱ ግን አልፈታኝም።»

ከዚያ በኋላ ሁሉንም በቆመችበት ነገረችው። ስለ ምላጩ ነገረችው። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰፋ ታድር ስለነበረው፣ ጠዋት እሱ ቁርሱን እየበላ ስለሚፈታው ቦርሳ ነገረችው። እንዳይታይ ልብስ ስለሚሸፍነው ቦታ ሁሉ። ስለ እናቷ ስልክ። አንድም ጊዜ አላለቀሰችም፤ የሌላ ሰው ክስ የምታነብ ይመስል ነበር። ሶሄይ እየሰማ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ አጣውና ቆሞ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲህ እንዳታየኝ። አሁን እንደምታየኝ።» አንቱታው ከአፏ መጥፋቱን ሳታውቀው ነበር። «አንተ እንደ ሙሉ ሰው ነበር የምታየኝ።»

ሶሄይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለከታቸው። «በዚህ እጄ ነው የጻፍኩት» አለ። «አሳምሬ። 'ብርዱ እየበረታ በመጣበት በዚህ ወቅት' ብዬ። አንቺ አጠገቤ ተኝተሽ እያቃሰትሽ፣ እኔ ያን ሰው ደኅና ከረሙ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።»

ያኔ ነው እንባው የመጣው። ቺጉሳ አሳልፎ እንዳልሰጣት አመነች፤ ማመኗ ግን አላሳረፋትም። አሳልፎ ሰጥቷት ቢሆን ጠልታው ትሄድ ነበር። አሁን እየወደደችው መሄዷ ነው።

የቤቷን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። የማሽኑን ነገር አደራ አለችው። አብሬሽ እሄዳለሁ አላት፤ ወዴት ስትለው፣ ወደምትሄጅበት አላት።

«አንተ መደበቅ አትችልም» አለችው። «የትም አገር ብንሄድ በነጋታው በሩ ላይ ስማችንን አሳምረህ ትለጥፋለህ።»

ሁለቱም ሳቅ መጣባቸው፣ ሳቁም አፋቸው ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለው። ከዚህ ሰው ተለይቼ እንዴት ነው የምተነፍሰው እያለች የጸጉሩን ሽታ ሳበች።

* * *

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከደጅ «ይቅርታ፤ ሰው አለ?» የሚል ለስላሳ ድምፅ ሲሰማ የቺጉሳ ደም ቀጥ አለ። ሶሄይ ፊቷን አይቶ መጠየቅ አላስፈለገውም። በኮሪደሩ በኩል ወዳለው ተንሸራታች በር ገፋትና ዘጋባት።

ኮሪደሩ ውስጥ ወይዘሮ ኩራታ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ቆመው ነበር። ለምን ያህል ጊዜ ቆመው እንደሰሙ ከዓይናቸው ታወቃት፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ቺጉሳ አንገቷን ደፋች። አሁን ይጠሩታል፣ መጥተህ ውሰዳት ይሉታል ብላ ጠበቀች። አሮጊቷ ግን ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠጉ።

በበሩ ስንጥቅ ሬይጂን አየችው። ግራጫ ካፖርት ለብሷል፣ ጸጉሩን ተከርክሟል። በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ሬይጂ ሱናጋ እባላለሁ። ለጥያቄዬ ፈጥነው ስለመለሱልኝ ላመሰግን ነው የመጣሁት። እንደርስዎ ያለ ጠንቃቃ ሰው ዛሬ የለም። ይቺ የአገሬ ጣፋጭ ናት፤ የረባች አይደለችም፣ ይቀበሉኝ።»

ሶሄይ እጁን አልዘረጋም። «ሱቁ ተዘግቷል» አለ። «ሴትዮዋም ከከተማው ወጥታለች።»

«መቼ?»

«ት... ትናንት።»

«ወዴት?»

«ወደ ሰሜን።»

ሶሄይ በዕድሜው ዋሽቶ ስለማያውቅ ውሸቱ እንደ ተውሶ ኮት ሰፋበት። ሬይጂ በትዕግሥት አዳመጠው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ደጃፉ ወለል አወረደ፣ እዚያው ቁጢጥ አለ። የቺጉሳን ጫማ አንሥቶ በእጁ አቧራውን ጠረገለትና አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠው።

«ባዶ እግሯን ነው ወደ ሰሜን የሄደችው?» አለ።

«የ... የእናቴ ጫማ ነው።»

ወይዘሮ ኩራታ ይህን ሲሰሙ ቺጉሳን አንዴ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ሽርጣቸውን ፈትተው እጇ ላይ ጣሉላትና በሩን ገፍተው ወጡ።

«አዎ፣ የኔ ነው» አሉ። «ጫማዬን ባዕድ ሲነካብኝ ደግሞ አልወድም። ወዲያ በልልኝ።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ጫማው ውስጥ ይከቱ ጀመር። ጫማው የቀጭን ወጣት ሴት ነው፤ እግራቸው በዕድሜና በመጋዘን ሥራ የሰፋ፣ አውራ ጣቱ የጎበጠ ነው። ተረከዛቸው አልገባ አለ። ገፉት። ፊታቸው አልተለወጠም፤ የአንገታቸው ሥር ግን ተገታተረ። ሬይጂ ከአናታቸው ቆሞ፣ ድሮ የቺጉሳን ስፌት በሚመለከትበት ዓይን፣ ሳይቸኩል ይመለከታቸው ነበር።

ቺጉሳ ሽርጡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። የወለደቻት እናት ስልክ አንሥታ አሳልፋ ሰጥታታለች። ዘመድሽ ማነው ብለው የናቋት አሮጊት ደግሞ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ እግራቸውን ለእሷ ሲሉ እያሠቃዩ ነው። ይህን ማየት አልቻለችም። ከሬይጂ ፍርሃቷ ይህ በለጠባትና ወጣች።

«ይተዉት እማማ። ጫማው የኔ ነው።»

ሬይጂ ፈገግ አለ። «ከስተሻል» አላት በርኅራኄ ድምፅ። «ሰዎቹን አስቸገርሻቸው እኮ። በይ እንሂድ።»

የመጀመሪያው ቃል ከአፏ አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ቺጉሳ ሞሮዙሚ እባላለሁ» አለች። ከሸሸች ወዲህ ይህን ስም ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም። «የምኖረው እላይ፣ አቀበቱ ላይ ነው። ቦርሳ እሰፋለሁ፣ እሸጣለሁ። የሰፋሁትን አንድም ሰው ፍቺው ብሎኝ አያውቅም። ባልቴት መስለህ የጠየቅኸኝ ይህን ከሆነ፣ ይኸው በአፌ ነገርኩህ። ሂድ ግን። ከአንተ ጋር አልሄድም።»

ሬይጂ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሊራመድ ሲል ሶሄይ በካልሲው ወርዶ ከመሐል ገባ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። ለፖሊስ የቢሮውን አድራሻ፣ ቀጥሎም የሬይጂን ሙሉ ስም በግልጽ ተናገረ።

«በሐሰት ስም ነው አድራሻዋን የጠየቁት» አለው ስልኩን ሳይዘጋ። «የጻፉት ሁሉ አለኝ። የፈታችውን ሰው እየተከታተለ የሚያስጨንቅ ሰው ላይ ሕግ አለ። ያን ጊዜ ሳልዘገይ መለስኩልዎ፤ አሁንም አልዘገይም።»

ሬይጂ ካፖርቱን አስተካከለ። ሣጥኑን ደጃፉ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፣ ለወይዘሮ ኩራታ እጅ ነሣ። «ብርድ ነው፤ ራስሽን ጠብቂ» አላት ቺጉሳን፣ ወጣም። ሲሄድ አልቸኮለም። ያ አለመቸኮሉ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

ወይዘሮ ኩራታ ጫማውን አወለቁና ተረከዛቸውን አሹ። ሣጥኑን በሁለት ጣት አንሥተው ደጅ ካለው ቆሻሻ ላይ ጣሉት።

«ይመለሳል፤ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እህል ሳትቀምሺ አትጠብቂው። ከስተሻል ያለው እንኳን እውነቱን ነው።» ይህን ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሲያነክሱ ይሰማል።

ሶሄይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የሱቋን ገጽ ከፍቶ፣ ለጠየቀ የሚነገረው የሻጩ ስምና አድራሻ የተመዘገበበት ላይ ደረሰ። ፖሊሶቹ እስኪደርሱ እጁ ሥራ ካላገኘ የሚያብድ ይመስል ነበር። ሱቁን በራሱ ስም ሊያዞረው እንደሚችል፣ ወረቀቱን እሱ እንደሚጨርሰው፣ ከዚህ በኋላ ስሟ የትም እንደማይገኝ ነገራት። «ላጥፋው?» አላት ዓይኗን እያየ። «እሺ በይኝ። ማንም ሁለተኛ አያገኝሽም።»

ቺጉሳ ከኋላው ቆማ ስሟን አየችው። ይህ እጅ የሚወዳት እጅ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ያው እሷኑ ነው።

«አድራሻው የዚህ ቢሮ ይሁን» አለችው። «ስሜን ግን አትንካው። አሥሬ ተፈትቼ አሥሬ የተሰፋሁት ለዚህ ስም ነው።»

ሶሄይ እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣ።

«ካልፈራህ ያንተን ከጎኑ ጻፈው» አለችው። «ሱቁ ላይ ብቻ አይደለም።»

ሶሄይ መጻፍ ጀመረ፤ የራሱን ስም ሁለቴ ተሳሳተ። ሊያታልላት አልሞከረም። «ፈርቻለሁ» አላት።

«እኔም» አለችው፣ እጇንም እጁ ላይ አደረገች። ቺጉሳ እስከዚያ ቀን ብቻዋን ነበር ስትፈራ የኖረችው።